«አድባራችሁ ወደቀች»፦ ከሊሙ እስከ ደብረ ኤልያስ

ወሬው የደረሰኝ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ከቡናችን ሥር ዶሮ የበታተነውን ቅጠል ወደ ቦታው ስመልስ ሳለሁ ነው። ከጎጃም ጨው አምጥቶ ከሊሙ ቡና የሚወስደው የነጋዴው የሐጂ ሰይድ ጫኝ ከአጥር ውጭ ቆመና፣ ወደ ውስጥም ሳይዘልቅ፣ «እመቤቴ፣ ከደብረ ኤልያስ የተላከ ቃል ይዣለሁ። አድባራችሁ ወደቀች በላት ተብያለሁ» አለኝ። ማን እንደላከው ብጠይቀው፣ የጁቤ ገበያ ላይ ሌላ ጫኝ እንደነገረው፣ ለዚያም ሌላ ሰው እንደነገረው ነገረኝ። ከዚህ በላይ አያውቅም። ውኃ ጠጥቶ ሄደ።

እዚህ ሊሙ ለተወለዳችሁ ልጆቼና ለማኅበር እኅቶቼ ነገሩን ላስረዳ፤ ያን አገር አላያችሁትምና። በእኛ ዘንድ አድባር የሚባለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መንደሩ የሚሰበሰብበት፣ የግንቦት ልደታ ንፍሮ የሚበላበት ትልቅ ዛፍ ነው። ሁለተኛው ሰው ነው። የተጣላ የሚያስታርቅ፣ በሩን ለመንገደኛ የማይዘጋ፣ ሁሉ የሚያከብረው ሽማግሌ ወይም ባልቴት «የአገሩ አድባር» ይባላል። በመንደራችን እናቴን እማሆይ ይታክቱን በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ከመነኰሰች ወዲህ ትልቁም ትንሹም «አድባራችን» ነው የሚላት። ስለዚህ ጫኙ ያን ቃል ሲናገር ዛፍ የሚባል ነገር በአሳቤ አልመጣም። ቅጠሉን ከእጄ ጣልሁና ጮኽሁ።

ጠጉሬን ተላጭቼ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለቅሶ ተቀመጥሁ። ካህናት ጠርቼ ፍትሐት አስደረግሁ። የሞተችበትን ቀን ስለማላውቅ ወሬው ከደረሰኝ ቀን ቈጥሬ አርባዋን አወጣሁ። ይህ ልክ ይሁን አይሁን የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው፣ እሳቸውም «እግዜር ያውቀዋል» አሉኝ። መልሳቸው ልቤን አላሳረፈውም። መቃብሯን ሳላይ አባይ እንዳይሞላ፣ መሬቷም ጦሙን እንዳያድር ብዬ ለመንገድ ተነሣሁ።

ባለቤቴ አብሬሽ ልሂድ ቢል ከለከልሁት። በዚህ ዘመን የጣሊያን ኬላ ጠባቂ ወንድ መንገደኛ ሲያይ ሽፍታ ነው ይላል፤ በየዱሩ ያሉት አርበኞች ደግሞ ከኬላ አልፎ የመጣ ወንድ ሲያዩ ባንዳ ነው ይላሉ። ለቅሶ የምትሄድ ሴት ግን ሁለቱም ዝም ብለው ያሳልፏታል ተባልሁ። እንደተባለው ግን አልሆነም።

ሰኞ ጠዋት ከሐጂ ሰይድ ጭነት ጋር ወጣን። ሐጂ ሰይድ የየጁቤ ሰው ነው፤ ጢሙ የነጣ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፣ በመንገድ ምን እበላለሁ ብዬ ስንቄን በሶና ቆሎ ብቻ አድርጌ ነበር። ይህንን ማንም ሳይነግረው አውቆታል። መጀመሪያ ባረፍንበት ቦታ አዲስ ድስት አውጥቶ «ይህ የእርስዎ ነው፤ የእኛ ሥጋ አልነካውም» አለኝ። ማታ ባደርንበት መንደርም ዶሮ ገዝቶ፣ ክርስቲያን ቤት ፈልጎ፣ አስባርኮ አስመጣልኝ። ለእንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደሚጸለይ አላውቅም። በጸሎቴ ስሙን ብቻ ጠራሁ።

ከሊሙ በራቅን ቁጥር ጥላው እየሳሳ ሄደ። እዚህ እኛ ዘንድ መሬት ተራቁቶ አይታይም፤ ከላይ ዛፍ፣ ከመካከል ቡና፣ ከታች ቅጠል ነው። ሊሙ የገባሁ ሰሞን እንደ አገሬ ልማድ የቡናውን ሥር ጠርጌ ሳጸዳ፣ ጎረቤቴ መጥረጊያዬን ነጥቃ «የመሬቱን ልብስ ነው የገፈፍሽው» ብላ የሳቀችብኝን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጉድሩ ስንደርስ ግን ዛፉ በየማሳው አንድ አንድ ብቻ ቀረ። ሳየው አገሬ እየቀረበች መሆኗን ዐወቅሁ፤ ደስ ልበል ልዘን አላወቅሁም።

እዚያው ጉድሩ ወንዝ ስንሻገር በቅሎዋ ተደናቅፋ ስንቄን ውኃ ውስጥ ጣለችው። በሶዬ ሁሉ ራሰ። እኔ ቆሜ ሳዝን ጫኞቹ በጨው ለውሰው በሉትና፣ ከአሁን በኋላ በሶ ሁሉ በወንዝ መበጥበጥ አለበት ብለው ቀለዱ። ጨው የጨመሩት ደግሞ ሐጂ ሰይድ ሳይሸጥ ከተረፈው ኖሯል፤ እሱም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በሁለተኛው ሳምንት ዐርብ አባይ ደረስን። ውኃው ገና አልሞላም፤ ቢሆንም ዋናተኞች በቆዳ ላይ አስቀምጠው ነው ያሻገሩኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም ጮክ ብዬ ስደግም፣ ቆዳውን የሚገፋው ዋናተኛ «እመቤቴ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው ይጸልዩ፤ አዞው ይሰማናል» አለኝ። በለቅሶ ላይ ያለሁ ሴት ሳቅሁ። ወዲያው አፈርሁና እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

የጁቤ ያደርሁት በሐጂ ሰይድ ጎረቤት ከምትኖር ክርስቲያን ሴት ዘንድ ነው። እግሬን አጥባ፣ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። እናቴን ታውቃት እንደሆነ ብጠይቃት «የደብረ ኤልያሷ እማሆይ ይታክቱ? እንዴታ። አድባር ወድቃባቸው እጅግ አዝነዋል ሲሉ ሰማሁ» አለች። «አዝነዋል» ስትል የመንደሩን ሰው ሁሉ ማለቷ መስሎኝ እንደ ገና አለቀስሁ። እሷ ለካ ለእናቴ በአክብሮት ስትናገር ነው። ቋንቋችን ብዙ ሰውና አንድ ትልቅ ሰው በአንድ ቃል የሚጠራ መሆኑ፣ እንዲህ ያስለቅሰኛል ብዬ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ሐጂ ሰይድ በየጁቤ ቀረ፤ ስመለስ እንዲወስደኝ ተቃጠርን። ጣሊያኖች ከከተማው በላይ ያለውን ምሽግ ለመሥራት በዙሪያው ያለውን ዛፍ ሁሉ ቆርጠውታል፤ ልጅ ሆኜ ከሩቅ ጥቁር ሆኖ የማውቀው ኰረብታ እንደ እኔ ራስ ተላጭቷል። የይለፍ ወረቀት ሳልይዝ ከከተማ መውጣት አይቻልም ስለተባለ ተሰልፌ ተቀበልሁ። አስተርጓሚው ጉዳይሽ ምንድን ነው አለኝ። የእናቴ ለቅሶ አልሁ። ጻፈው።

በማግሥቱ በማርቆስ አስቀድሼ ስመለስ፣ ያሳደሩኝ አንዲት ባልቴት ወረቀቱን በቀሚሴ ጠርዝ ሰፍተው ደበቁልኝ። «ከከተማው ውጭ ያሉት ልጆች ይህን ካዩ የጣሊያን ሰው ነሽ ይሉሻል» አሉኝ። እኔም፣ ወደ እናቴ አገር ለመሄድ ወረቀት ከሌለኝ ከዚህ የማልወጣ፣ ካለኝ ከዚያ የማልገባ እንዴት እንደሆንሁ አልገባኝም።

ሰኞ ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ስንሄድ፣ ከደብረ ኤልያስ መለስ ብሎ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ጎበዞች ከቁጥቋጦ ወጡብን። አንደኛው ወረቀት ይዘሻል ወይ አለኝ። መዋሸት ስለማልችል ጠርዙን ፈትቼ ሰጠሁት። ፊቱ ተለወጠ፤ ሆኖም ፊደል የቆጠረ ኖሯል፣ አነበበው።

«የማን ለቅሶ ነው?»

«የእማሆይ ይታክቱ። ልጃቸው ነኝ፤ ከሊሙ መምጣቴ ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። «እማሆይ ይታክቱ? ዛሬ ጠዋት ዳቦ የሰጡን እናት?» አለ ሁለተኛው። «ጓደኛዬ፣ የሞተ ሰው ዳቦ ነው የበላነው።» የሚያፌዙብኝ መስሎኝ ተቈጣሁ። ወረቀቴን መልሰው «ሂጂ፤ ሄደሽ ቅበሪያቸው» ብለው እየሳቁ ወደ ቁጥቋጦው ገቡ። የቀረውን መንገድ እግሬ መሬት መርገጡን አላስታውስም። እናቴ ሞታ ቢሆን አይስቁም ነበር እያልሁ፣ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ሰው በምን እንደሚስቅ ማን ያውቃል እያልሁ ሄድሁ።

ከማሳችን ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ሰማዩን ነው። በማሳችን ላይ የነበረችው የመንደሩ አድባር፣ ትልቋ ዋንዛ፣ ትሸፍነው በነበረው ቦታ ሰማይ ይታያል። ቀጥሎ ዛፏን አየሁ፤ ሥሯን ወደ ላይ ገልጣ ተጋድማለች። በግንዷ ላይ ደግሞ ቆቧን የደፋች፣ ዶማ በጉልበቷ ያስደገፈች አሮጊት ተቀምጣለች። እናቴ ናት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው የተላጨሽው?» አለችኝ።

«አንቺ» አልኋት።

እንዴት እንደተቃቀፍን፣ እንዴት እንዳለቀስሁ አልጽፈውም። እሷ ግን የሆነውን ሁሉ ስትሰማ ቆቧን በእጇ ይዛ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ስለ ለቅሶዋ ትጠይቀኝ ጀመር። ብዙ ሰው መጣ? ንፍሮው በቃ? ባልሽስ አለቀሰ? አለቀሰ ስላት «እሱ እንኳ ለወጉ ያህል ነው» አለች። ፍትሐት መደረጉን ስነግራት ቆቧን አስተካከለችና «እንግዲህ ተፈትቻለሁ። አሁን ጥቂት ኃጢአት ብጨምር ምን ይላል?» አለችኝ። በዚህ መሳቅ ይገባኛል አይገባኝም ብዬ እስካሁን አስባለሁ።

ማክሰኞ ወደ የኔታ ሄድሁ። የኔታ በደብረ ኤልያስ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ለአባቴ ባልንጀራ የነበሩ፣ በልጅነቴም አባቴ ዳዊት ሲያስደግመኝ ያሾፉብኝ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ቃሉን የላኩት እሳቸው ኖረዋል። በጋውን የምሽጉ ሰዎች ለድልድይ ብለው የዋንዛዋን ትልልቅ ቅርንጫፍ ከአንድ ወገን ቆርጠው ወስደው ነበር፤ ሚዛኗን ስታ የመጀመሪያው ነፋስ ጣላት። የኔታም የእናቴን ኀዘን አይተው፣ ልጇ ትወቅ ብለው ላኩብኝ።

«ምነው የኔታ፣ ዛፏ ወደቀች አይሉም?» አልኋቸው።

«እኔ ሰሙን ነው የላክሁት፤ ወርቁን አንቺ ነሽ ያወጣሽው» አሉኝ፣ ዐይናቸው እየሳቀ። ለሕያው ሰው የተደረገው ፍትሐት ኃጢአት ይሆን እንደሆነ ብጠይቃቸው ግን ሣቃቸውን ተዉ። «ጸሎት አይበላሽም። ይቀመጥላታል» አሉ። ይህ መልስ ከንስሐ አባቴ መልስ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ የት እንደሚቀመጥ አልነገሩኝም።

በዚያው ቀን ለእናቴ የመጣሁበትን ሳይሆን ካየሁት በኋላ ያሰብሁትን ነገርኋት። አብራኝ ወደ ሊሙ ትምጣ። አባቴ ከሞተ ወዲህ መሬቱን በእኩል የሚያርስላት የአጎቴ ልጅ አያ ጫኔ ነው፤ እሱም ዳጉሳው ዓመት ከዓመት እያነሰ፣ መሬቱ ለጓያ እንኳ የማይሆን እየሆነ እንደመጣ አልደበቀኝም። ዛፏ ወድቃለች፣ ከላይ ምሽግ፣ ከታች ጠመንጃ ነው። ሊሙ ቤት አለን፣ ቤተ ክርስቲያን አለን፣ የልጅ ልጆቿ አሉ። ሁሉንም ዘርዝሬ ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«መሬቱ ሞቶ ከሆነ እከተልሻለሁ። በሕይወት ካለ ግን በሽተኛ ጥዬ አልሄድም።»

ሞቱን በምን እናውቃለን ብላት፣ ነገ ልደታ ነው፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ይታያል አለች።

ልጆቼ፣ ያን ምሽት ለጸሎት ቆሜ ቃል አጣሁ። መሬቱ ይሙት ብዬ ልለምን? የአባቴን ርስት፣ ያደግሁበትን? ይዳን ብዬ ልለምን? እናቴን በአንዲት ዓመት ሁለት ጊዜ ላጣ? ለመሬት የሚጸለየውን ዐውቃለሁ፣ ለመንገደኛም የሚጸለየውን ዐውቃለሁ፤ ሁለቱ ሲጣሉ የሚጸለየውን ግን ማንም አላስተማረኝም።

የልደታ ዕለት የመንደሩ ሰው ንፍሮውን ይዞ መጣ፤ ከመጣ በኋላ ግን የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባው። እኔ ልጅ ሆኜ በዛፍ ሥር ንፍሮ መብላት የእመቤታችን በዓል ነው ወይስ ሌላ ነገር እያልሁ እጨነቅ ነበር፤ አሁን ዛፉ ሳይኖር ጭንቀቴ ብቻ ቀረ። ሰዉ ትንሽ ተንከራተተና ዝም ብሎ በለመደው ቦታ ተቀመጠ። ጥላው በነበረበት ዙሪያ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ አየሁ። ማንም ከዚያ ክብ አልወጣም። አንዲት ሴት ልጇን «ወደ ጥላው ግቢ» ስትላት ሰማሁ፤ ጥላ አልነበረም።

ፍተሻው የጀመረው ከዚያ ነው። ሰሞኑን ጥቂት ዝናብ ጥሎ ነበርና ሣር በቅሏል። አያ ጫኔ ቆሞ ዙሪያውን አየና «እዩት» አለ። ሣሩ ሰዎቹ ከተቀመጡበት ክብ ውስጥ ለምልሞ፣ መጭና ሙጃ ተደባልቆበት በቅሏል። እነዚህ ጉልበት ካለው መሬት የሚበቅሉ አረሞች ናቸው። ከክቡ ውጭ ግን ቀጫጭን፣ አህያ የሚንቀው ሣር ብቻ ነው። አያ ጫኔ ሌላው ሁሉ ሞቷል ብሎ ፈረደ። ልቤ ዘለለ፤ በምን እንደ ዘለለ አላውቅም።

እናቴ ከውጭው አፈር ቆንጠር አድርጋ አፏ ጨመረች። አኘከችና ተፋችው። «ኮምጥጧል» አለች። ከክቡ ውስጥም ቀመሰች፤ ይኸኛውን ቶሎ አልተፋችውም። እኔም ቀመስሁ። ለእኔ ሁለቱም አፈር አፈር ይላሉ።

የኔታ በበኩላቸው ውኃ አስመጡ። ከክቡ ውስጥ ሲያፈሱት መሬቱ ጠጣው። ከውጭ ሲያፈሱት ተንሸራቶ መጥቶ እግራቸውን አራሰው። «ይህ ተማሪዎቼን ይመስላል፤ የሰጠኸውን ሳይነካ ይመልስልሃል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔም በሊሙ የተማርሁትን ሞከርሁ። እዚያ ጎረቤቴ ቡና ከመትከሏ በፊት ቀጭን እንጨት ትወጋበታለች፤ እንጨቱ የገባውን ያህል ሥሩም ይገባል ትላለች። ከክቡ ውስጥ እንጨቱ እስከ ክንዴ ሰጠመ። ከውጭ ስወጋው ተሰበረ። የተሰበረውን ይዤ ወደ እናቴ ተመለከትሁ። ፍርዱ ለእኔ የተፈረደ መሰለኝ፤ አብዛኛው ማሳ ያለው ከክቡ ውጭ ነውና።

እናቴ ግን ያየችው ሌላ ነው። «መካከሉ በሕይወት ካለ ሰው ሞተ ይባላል?» አለች። «ይህች ዋንዛ በየዓመቱ ልብሷን እያወለቀች ለዚህ ቦታ ታለብሰው ነበር። ሌላውን ያለበሰው የለም፤ እንዲያውም እኛ አራቆትነው፤ አረምነው፣ አረስነው፣ እበቱን ለማገዶ ወሰድንበት። ታሟል እንጂ አልሞተም።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ከወደቀችው ግንድ ሥር ቅጠሉን ገለጠችው። ከዘሯ የበቀሉ ትንንሽ ዋንዛዎች ነበሩ፤ እንደ ጣት የቀጠኑ። እነሱን ነቅላ በማሳው ሁሉ ልትበትናቸው፣ የቅርንጫፉን አመድ ደግሞ በኮመጠጠው አፈር ላይ ልትነሰንሰው አስባለች። ግንዱ ላይ ዶማ ይዛ ያገኘኋት ለካ ይህን ስታስብ ነው። ገና ከመምጣቴ በፊት ወስናለች።

አያ ጫኔ ተቃወመ። «በዋንዛ መካከል ሞፈር እንዴት ይዞራል? በሬዎቼን ቅኔ ላስተምራቸው?»

«አንተን ማስተማር ያላቃተው ሰው፣ በሬ ማስተማር ያቅተዋል?» አለችው።

«ጥላውስ ጤፉን አይገድለውም? ወፉስ?»

«ጥላው ሲበዛ ትመለምለዋለህ። ወፉን አፍህ ያባርረዋል።»

አያ ጫኔም ከሰው ጋር ሳቀ፤ ግን አልተረታም። የእሱም ነገር ከእውነት የራቀ አይደለም፤ እንጀራው በዚያ መሬት ነው፣ ዛፉ አድጎ ቅጠሉን እስኪጥል ምን ይበላል? እኔም አሳቡን ለመደገፍ ሲዳዳኝ፣ የምደግፈው ለእርሻው ይሁን ለራሴ ጉዳይ መለየት አቃተኝና ተውሁት። በመጨረሻ የኔታ አስታረቋቸው። በድንበሩ ላይ ዙሪያውን፣ በመካከል ግን በሬ ሳይነካው የሚዞርበትን ያህል እያራራቁ ይተከል ተባለ። እበቱም ካሁን ወዲያ እኩሌታው ለማሳው እንዲቀር አያ ጫኔ ፈቀደ። «ሙታን ሲያዙኝ እምቢ አልልም» አለ፤ ሰዉ የእናቴን ፍትሐት ሰምቶ ኖሯል።

ሐሙስና ዐርብ ተተከለ። ልደታ ዕለት የነበረው ሰው አብዛኛው ዶማውን ይዞ መጣ። እኔም ተከልሁ። ሊሙ ላይ ቡና ስተክል ከጫካ ቅጠል ዘግኜ ጉድጓዱ ውስጥ እጨምራለሁ፤ እዚህም ከክቡ ውስጥ ያለውን ጥቁር አፈር በሰፌድ እየተሸከምን በየጉድጓዱ ጨመርን። እናቴ እያንዳንዱን ስትተክል ትባርከዋለች። አንዱን ብቻ፣ አሮጌዋ ከቆመችበት አጠገብ የተከለችውን፣ «አድባር» ብላ ጠራችው። «አሁን ሦስት ሆናችሁ» አልኋት። ነገሩን እንደ ቀልድ ነው ያልሁት።

ቅዳሜ ተነሣሁ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ከዚህ ብዘገይ አባይ አያሳልፈኝም። እናቴ ልሸኝሽ ብላ በማርቆስ መንገድ እስካለው የጣሊያን ኬላ መጣች። ጠባቂው ወረቀቴን አነበበና በአስተርጓሚ ይህች ማን ናት አለ። እናቴ ናት አልሁ። ወረቀቱን ደግሞ አየው። «እናትሽ ሞታለች ይላል» አለ። እሷ ቀና ብላ «ሞቼ ነበር። ትንሣኤ አይደል፣ ተነሣሁ» አለችው። አስተርጓሚው ሳይተረጉም ሳቀ፤ ጠባቂውም በምን እንደሳቀ ሳይገባው አሳለፈኝ።

ልንለያይ ስንል እጄን ይዛ፣ ከእንግዲህ ከእሷ ያልመጣ ቃል እንዳላምን አስጠነቀቀችኝ። «የምልከውን ቃል እኔው ነኝ የምልከው። እማሆይ ይታክቱ ላከች ካላሉሽ አታልቅሺ።»

«አንቺ የማትልኪበት ነገር ቢሆንስ?» አልኋት።

የአንገት መስቀሏን ግንባሬ ላይ አሳረፈችና «እሱን እንግዲህ እንዴት አድርጌ ልላክብሽ?» አለች። ሄደች። ከኋላዋ ሳያት፣ በመንገዱ ዳር ጎንበስ ብላ የከብት እበት በቅጠል አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

ስመለስ ያገኘኝን ሁሉ አልዘረዝርም። አባይን በመጨረሻው ቀን ተሻገርሁ፤ ሐጂ ሰይድ ድስቴን አልረሳም። ሊሙ ስገባ ክረምቱ ገብቷል፤ የቡናው ሥር ቅጠል ረጥቦ ሲሸተኝ የክቡ ውስጥ አፈር ሸተተኝ። ማኅበርተኞቼ የእናቴን ሕያውነት ሰምተው እልል አሉ፤ ዳቦም ደፉ።

አሁን የምጽፍበት ምክንያት ይህ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ ሐጂ ሰይድ ራሱ መጣ፤ የባለፈው ስሕተት እንዳይደገም ብሎ ቃሉን ከአፉ ላይ ሳይጥል ነው ያመጣው። የጁቤ ላይ የነገረውን ሰው ደጋግሞ አስብሎታል። ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «አድባራችሁ አፈሯን አገኘች በሏት።»

ማን ላከው ብዬ ብጠይቀው፣ አልተነገረኝም አለ። ተክል አፈሩን አገኘ ከተባለ ሥር ያዘ፣ ዳነ ማለት ነው። ሰው አፈሩን አገኘ ከተባለ ደግሞ በአገሩ፣ በአባቱ መሬት ተቀበረ ማለት ነው። ባለቤቴ ችግኟ ናት ይላል። ጎረቤቴ ቋንቋውን ሳታውቅ ፊቴን አይታ አለቀሰች። ካህናቱን ልጥራ ብል፣ ያ ፊተኛው ጸሎት አሁንም የተቀመጠ ይሁን የተፈጸመ አላውቅም። ነጠላዬን አንድ ቀን እዘቀዝቀዋለሁ፣ በማግሥቱ አቃናዋለሁ። በየሌሊቱ ጸሎት ለበሽተኛ የሚጸለየውን ብቻ እላለሁ፤ እሱ ለእናቴም ለችግኟም ለመሬቱም የሚሆን ይመስለኛል።

ስለዚህ በዚያ ልደታ ጥላ በሌለበት ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ንፍሮ የበላችሁ፣ በማግሥቱም ዶማ ያነሣችሁ ሁሉ፣ አንተም አያ ጫኔ፣ ይህ ጽሑፍ በማናቸውም ነጋዴ እጅ ከደረሳችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በመጀመሪያ ለሚያልፈው ጫኝ በአንዲት ቃል ንገሩልኝ። የኔታ ይቅር ይበሉኝ፣ እሳቸው ግን አይላኩ። እንጨቷ ከሆነች «እንጨቷ» በሉኝ። እናቴ ከሆነች «እናትሽ» በሉኝ።